እሺ ከማለታችን በፊት

ባለፈው ቅዳሜ ሴንትራል ዲስትሪክት፣ ቼሪ ጎዳና ላይ ቡና እየጠጣሁ አንዲት የእናቴ ወዳጅ ስልካቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ የሥራ ፎርም ነው፤ እዚህች ላይ እሺ በልልኝ» አሉኝ። ሥራው አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ እሺ የሚባለው ደግሞ ለባክግራውንድ ቼክ።

«እትዬ፣ አንብበውታል?»

«ምን አነባለሁ፤ ሌባ አይደለሁ!»

አልፈረድኩባቸውም። እኔም ማስተርሴን ይዤ የመጀመሪያ ሥራዬን ስይዝ አንድ መስመር ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

በ1970 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የፌደራል ሕግ፣ ቀጣሪ በሌላ ድርጅት በኩል ታሪካችንን ከማስመርመሩ በፊት ለብቻው በተዘጋጀ ጽሑፍ እንዲያሳውቀንና ፈቃዳችንን በጽሑፍ እንዲቀበል ያዛል። እዚያው ወረቀት ላይ «ብትሳሳቱም አልከስም» የሚል ሐረግ መሸጎጥ ክልክል መሆኑን የእኛን ግዛት የሚያካትተው የዘጠነኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2017 ወስኗል። እምቢ ማለት ይቻላል፤ ቀጣሪውም እምቢ ሊለን ይችላል። ፈቃድ ይሉታል እንግዲህ!

የእኛ ሰው ችግር ግን ሌላ ነው፤ ስምና የልደት ቀን። ፀሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት ይጻፋል? የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይመዘገባል። በስደት ከመጡት ብዙዎቹ ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ተብሏል። እንግዲህ ሁለት ዳዊት ተስፋዬዎች በአንድ ዓመት ጃንዋሪ 1 «ቢወለዱ» የአንዱ ክስ በሌላው ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ፕሮግራም ስለምጽፍ አውቀዋለሁ፤ ማሽኑ ተመሳሰሉ ካለ አለ ነው።

ቀጣሪው በሪፖርቱ ምክንያት ሊተወን ካሰበ አስቀድሞ የሪፖርቱን ቅጂና የመብታችንን ዝርዝር መስጠት አለበት። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ በሲያትል ከተማ ሕግ፣ ምክንያቱ የወንጀል መዝገብ ከሆነ ቦታውን ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ይዞ ማስረጃችንን ይጠብቃል። መርማሪው ድርጅት አቤቱታችንን ለማጣራት ግን አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን አለው። ሁለትና ሠላሳ አይገናኙም! ስለዚህ ደብዳቤው በደረሰ ቀን ለቀጣሪው «ይህ ሰው እኔ አይደለሁም» ብላችሁ ጻፉ፤ አቤቱታውን ለድርጅቱም ላኩ።

የእትዬን ፎርም ወደ ላይ ገለጥኩት። የልደት ዓመት፦ 1965። ፓስፖርታቸው 1973 ይላል።

«ታዲያ የተወለድኩትስ በስልሳ አምስት አይደል?»

«በእኛ አቆጣጠር፣ እትዬ።»

አስተካከልነው። የፈቃዱንም ገጽ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸውና እሺውን ራሳቸው ተጫኑት።