መዝገቡ ለማን ይከፈታል?

ኒውዮርክ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ደውሎ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ «እትዬ፣ አባቴ የሞተው በምንድን ነው?» አለኝ። ደነገጥኩ። ልጁ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። አባቱ እዚያው ኒውዮርክ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ለልጆቹ የተነገራቸው «ድንገት ነው» የሚል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጠየቀም የነገረም የለም። አሁን ሐኪሙ የደም ግፊቱን ለክቶ «በቤተሰባችሁ የልብ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» ቢለው የሚመልሰው አጣ። እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከአባቱ በኋላ ስላረፈች የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔም በስልክ ከሰማሁት መርዶ ያለፈ የማውቀው አልነበረኝም።

ጎረቤቱ የሆነች አንዲት ጡረተኛ መምህርት የሰዎችን የዘር ሐረግ እየፈለገች ማጠናቀር ትወዳለች። «የሞት መዝገቡን እኔ አወጣልሃለሁ» ብላው ነበር፤ ባዶ እጇን ተመለሰች። የኒውዮርክ ከተማ የጤና ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ መሠረት የሞት መዝገብ 75 ዓመት፣ የልደት መዝገብ ደግሞ 125 ዓመት ሳይሞላው ለሕዝብ አይከፈትም። የእህቴ ባል መዝገብ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሚሆነው ከ2073 በኋላ ነው ማለት ነው። የእሱ የልጅ ልጆች ያኔ ራሳቸው አያት ይሆናሉ።

ልጁ ግን የሟች ልጅ ነውና ዝምድናውን በማስረጃ አሳይቶ አሁኑኑ መጠየቅ ይችላል። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ይህችን ልብ በሉልኝ፦ በኒውዮርክ ከተማ የሞቱ ምክንያት የሚገኘው ምስጢራዊ በሆነ የሕክምና ሪፖርት ላይ ነው። እሱን የሚያገኙት የቅርብ ዘመዶች ብቻ ናቸው፤ ሲያመለክቱም ለይተው መጠየቅ አለባቸው። ያለዚያ ስምና ቀን የያዘ ወረቀት ብቻ ይዞ መመለስ ነው።

ደንቡ ሲወጣ የዘር ሐረግ አጥኚዎች ተቆጥተው ነበር። እንግሊዝ አገር ምዝገባ ከተጀመረበት ከ1837 ወዲህ ያለውን የልደት፣ የጋብቻ ወይም የሞት ምስክር ወረቀት ማንም ሰው ከፍሎ ማዘዝ ይችላል። ኒውዮርክ ግን በሩን የዘጋችው በማጭበርበር ፍራቻ ነው። ፍራቻው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በአሜሪካ የሟቾች የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለሁሉም ክፍት በነበረበት ጊዜ፣ ሌቦች የሞቱ ሕፃናትን ቁጥር እየወሰዱ ከመንግሥት የግብር ተመላሽ ይወስዱበት ነበር። ከ2014 ጀምሮ ግን ሰውየው ከሞተ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቁጥሩ ለሕዝብ እንዳይወጣ ተከለከለ። ሦስት ዓመት ይገባኛል። 125 ዓመት ግን? በመዝገብ የተረጋገጠው የሰው ልጅ ረጅም ዕድሜ እንኳ የፈረንሳዊቷ የዣን ካልማ ነው፤ እሱም 122 ነው።

እንዲህ ብዬ በሰው አገር ደንብ እፈርዳለሁ እንጂ እኔ ራሴ መዝገብ ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። በማዋለጃ ክፍል ስሠራ «የአባት ስም» በሚለው ቦታ ላይ «ሲስተር፣ ባዶውን ተይው» ያሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ትቼዋለሁም። እነዚያ ልጆች ዛሬ ወላጆች ሆነዋል። አንዱ መጥቶ መዝገቡን አሳዪኝ ቢለኝ ምን እንደምለው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ልጅ አባቱን ማወቅ ይገባዋል፣ እናቲቱም የነገረችኝ አምና ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደ አገራችን ሳይገባ አንድ ዘመዳችን ሞተ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሲጠይቀን «የሳንባ ምች ነው» አልን። እኔም ነጭ ጋውን የለበስኩት ሴትዮ አብሬ አልኩ፤ ሰውም የበለጠ ያመነው እኔን ነው። ያኔ እውነቱ ቢወጣ ባለቤቱ የተከራየችውን ቤት፣ ልጆቹ የሚጫወቷቸውን ጓደኞች ያጡ ነበር። ዘመዳችን ማን እንደሆነ እዚህም አልጽፍም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ጭቅጭቁ ገና አልደረሰብንም፤ የሚዘጋ አሮጌ መዝገብ መች አለን! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ቢደነግግም፣ እዚያው ሕግ ላይ ለጊዜው እንዳይሠራበት ተብሎ ታገደ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ነው። ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። ለልደቱ ሰው ይሄዳል፤ ትምህርት ቤት የልደት ምስክር ወረቀት ይጠይቃላ። ለሞት ግን የሚከፋፈል ቤት ወይም የሚከፈል ጡረታ ከሌለ ወረዳ የሚሄድ አላየሁም። ሠልስቱ ወጥቶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ያ ሰው በምን እንደሞተ የሚያውቀው አልጋው አጠገብ የነበረ ዘመድ ብቻ ይሆናል።

እኛ አያት ቅድመ አያት ብለን እስከ ሰባት ቤት ስም እንቆጥራለን። ጋብቻ ሲመጣ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ሐረጉን ይመዝዛሉ። በምን እንደሞቱ ግን አንቆጥርም። ስኳር የነበረበት፣ ደም ግፊት የጣለው፣ የጡት ካንሰር የያዛት፣ በስንት ዓመቷ እንደያዛት። ሐኪም የሚፈልገው ይህን ነው፤ በተለይ ዕድሜውን። በ80 ዓመቱ ልቡ የደከመ አያትና በ45 ዓመቱ የወደቀ አባት ለልጅ አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም።

የእህቴ ልጅ ወረቀቱ ደረሰው። የልብ ደም ሥር መዘጋት ይላል፤ አባቱ ያኔ 46 ዓመቱ ነበር። ለሐኪሙ ሲነግረው የኮሌስትሮልና የልብ ምርመራ ወዲያው ታዘዘለት፤ አሁን መድኃኒት ጀምሯል፣ ታናሽ ወንድሙንም ጎትቶ አስመርምሮታል። «ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ» ሲለኝ አፈርኩ።

በማግሥቱ ከሱቅ ባለመቶ ገጽ ደብተር ገዛሁ። የአባቴን ወገን ጨርሻለሁ፣ የእናቴን ደግሞ አንዲት የ90 ዓመት አክስቴ ጋ እየሄድኩ እጠይቃለሁ፤ ቡና እስኪፈላ አምስት ስድስት ሰው ትቆጥርልኛለች፣ ከዚያ ይደክማታል። ደብተሩ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ያለበትን ትልቋ ልጄ ታውቃለች። የዚያ ዘመዳችን መስመር ላይ ስሙንና የሞተበትን ዓመት ጽፌ ቀሪውን ባዶ ትቼዋለሁ። ልጆቹ ከጠየቁኝ ለእነሱ እነግራቸዋለሁ። እስካሁን አልጠየቁኝም።