የጥንት አውቶሞቢሎች ስብሰባና የመለዋወጫ ዕቃ ጉዳይ

በዚህ ጋዜጣ ዓምድ ላይ አሳባቸውን የሚገልጹት ዘወትር ባለ ሱቆች፣ አስመጪዎችና ላኪዎች እንጂ የእነርሱ ጸሐፊዎች አይደሉም። እኔም ደብዳቤ ስጽፍና የመጋዘን ካርድ ስሞላ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየሁ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ስለ ሆንሁ፣ ስለ ንግድ የራሴን አስተያየት በአደባባይ ለመናገር እስከ ዛሬ አልደፈርሁም ነበር። ነገር ግን ባለፈው እሑድ ያየሁት ነገር፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በገዛ እጄ ከጻፍሁት ማስታወሻ ጋራ ስለ ተጋጨብኝ፣ ዝም ማለቱ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

ማስታወሻው የሚከተለው ነበር። የምሠራላቸው ነጋዴ ከቻይና አገር በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አውቶሞቢሎችን ለማስመጣት አስበው፣ ከአውቶሞቢሎቹ ጋራ ምን ያህል መለዋወጫ ዕቃ ማዘዝ እንደሚገባ አጥንቼ እንዳቀርብላቸው አዘዙኝ። እኔም ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌ አቀረብሁ። ፍሬ ነገሩም መለዋወጫ ዕቃ መደርደሪያ ላይ የተኛ ገንዘብ መሆኑን፣ በዚያው ገንዘብ ሁለት አውቶሞቢሎች ጨምረን ብናስመጣ የሚሻል መሆኑን የሚገልጽ ነበር። ለማስረጃ ይሆን ዘንድም ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ በመጋዘናችን ሳይሸጥ የቀረውን ዕቃ ዝርዝር አያይዤ ነበር። ከዚህም ውስጥ አርባ ያህል የአውቶሞቢል የሲጋራ መተርኮሻ ይገኝበታል፤ ማን እንዳዘዘውና ስለ ምን እንዳዘዘው እስከ ዛሬ ሊገባኝ አልቻለም።

በመርካቶ የጨርቅ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጄ ከአባቱ የወረሳት የ1957 ዓ.ም. ቮልስዋገን አለችው። የጥንት አውቶሞቢል ያላቸው ሰዎች በየጊዜው እየተሰበሰቡ አብረው የሚውሉበት ልማድ ስላላቸው፣ እሑድ ጧት ወደ ቢሾፍቱ አብሬው እንድወርድ ጋበዘኝ። አዲሱን የክፍያ መንገድ ትተን፣ በአሮጌው ጎዳና በቃሊቲና በአቃቂ አድርገን ጕዞ ጀመርን። ቮልስ ለመንገዱ አትቸኩልም፤ የሞተሯ ኀይል 34 የፈረስ ጕልበት ብቻ ስለ ሆነ የጭነት ካሚዮኖች እየጮኹብን ያልፉን ነበር። ወዳጄ ግን እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ የሞተሩንም ድምፅ እንደ ሐኪም ያዳምጣል።

ዱከም ስንደርስ ከፍጥነት መለኪያው ውስጥ ቀይ መብራት በራ። ወዳጄ ወዲያው ዳር ይዞ ቆመ። እኔ እንኳ ጥቂት ተጕዘን ጋራዥ እንፈልግ ብዬው ነበር፤ እርሱ ግን የማራገቢያው ቺንጊያ ሳይበጠስ እንዳልቀረ ነገረኝ። ቮልስ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ እንጂ በውሃ ስላልሆነ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ያው ቺንጊያ ማራገቢያውንም ያዞራል፤ ስለዚህ ቺንጊያ ተበጥሶ የሚነዳ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። የኋላውን ክዳን ብንከፍት ነገሩ እንዳለው ሆነ። እርሱም ትርፍ ቺንጊያ አልያዘም ነበር።

ከኋላችን ይመጡ ከነበሩት መካከል አንድ ሰማያዊ ቮልስ ቆመ። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ አንድ መካኒክ ወረዱና፣ ምንም ሳይጠይቁ ከፊተኛው ኮፈን ሥር፣ የዕቃ ማስቀመጫው ካለበት፣ በካርቶን እጅጌ የተጠቀለለ አዲስ ቺንጊያ አወጡ። በካርቶኑም ላይ ከብዙ ዓመት በፊት የተዘጋ የአንድ አስመጪ ማኅተም ነበረበት። ከዚያ በኋላ የሆነው ለመካኒኮች ተራ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ቆሜ በመደነቅ ተመለከትሁ። ቺንጊያው የሚዞርበት መንኰራኵር በሁለት የተከፈለ ነው፤ በመካከሉ ስስ ቀለበቶች ይደረደራሉ፤ ቺንጊያው ሲላላ አንዱን ቀለበት ከመካከል አንሥቶ ወደ ውጭ ማዞር ብቻ ነው። አንድ ካቻቢቴና አንድ ኪያቬ በቂ ሆኑ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩ ተነሣ። ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ለወዳጄ፦ «ልጄ፣ ዋጋውን ሌላ ቀን ሌላ ሰው መንገድ ላይ ስታገኝ ትከፍለኛለህ» አሉት። ዱከምም ከደረስን አይቀር ጥሬ ሥጋ ሳንቀምስ አላለፍንም፤ ይህ ግን ለጕዳዩ አይጠቅምምና አልገባበትም።

ቢሾፍቱ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ውስጥ ሠላሳ ያህል አውቶሞቢሎች በዛፍ ጥላ ሥር ተሰልፈው አገኘን። የሚበዙት ቮልሶች ናቸው። ከእነርሱም ቀጥሎ ታናናሾቹ ፊያት 600፣ የአዲስ አበባ ሰው ሰይቼንቶ የሚላቸው፣ እንዲሁም ፊያት 1100፣ ፔጆ 404፣ ሁለት ላንድሮቨርና አንድ ጥቁር መርሴዲስ ነበሩ። ከቮልሶቹ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው የ1951 ዓ.ም. ስትሆን የነዳጅ መለኪያ የላትም። ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል ነጂው በእግሩ ጫፍ አንድ መክፈቻ አዙሮ የመጠባበቂያውን ነዳጅ ይለቅቃል። ሕፃናቱ ይህን ለማየት ተሰልፈው ነበር፤ እኔም ከሕፃናቱ ኋላ ተሰለፍሁ።

ስለ አውቶሞቢሎቹ ውበት ብዙ ሊባል ይቻላል። እኔን ግን የማረከኝ የባለቤቶቹ ንግግር ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ስለ ፍጥነት ወይም ስለ ዋጋ የሚያወራ ሰው እምብዛም አልነበረም፤ ሁሉም የሚነጋገረው ስለ ዕቃ ነው። የፔጆው ባለቤት የፍሬን ጎማ ከማን ዘንድ እንዳገኘ ይናገራል፤ ሌላው ለማርሚታ ሱማሌ ተራ ውስጥ ያለውን አንድ ሱቅ ያመለክታል፤ ሦስተኛው ከተሰባበረ ቮልስ ላይ የፈታውን ፍሬቻና ፓራውልት በካንዴላ ይለውጣል። የዕቃዎቹ ስም ራሱ የዚህን ንግድ ታሪክ ይናገራል፤ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፓራውልት፣ ስፖኪዮ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ ወርሰን ከገዛ ቋንቋችን ጋራ ያዋሐድናቸው ናቸው። ዕቃው ሲመጣ ስሙም ይመጣል፤ መካኒኩም በስሙ ይማራል።

ሽማግሌውን መካኒክ «ጋሼ፣ ይህችን ቮልስ ስድሳ ዓመት ያኖራት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጀርመን ሠራት፤ ያኖራት ግን ሱማሌ ተራ ነው» ብለው ሳቁ።

ቀልድ ቢሆንም ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ግን ፋብሪካው ራሱ ሠርቶታል። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1960 ዓ.ም. የቮልስዋገንን ፋብሪካ የመሩት ሃይንሪኽ ኖርድሆፍ፣ አውቶሞቢሉ ወደ አንድ አገር ከመላኩ በፊት የመለዋወጫውና የጥገናው ዝግጅት እንዲቀድም አጥብቀው ይሹ ነበር። ሞተሩንም ቢሆን ከማርሽ ሳጥኑ ጋራ የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ብቻ ስለ ሆኑ፣ ሁለት መካኒኮች አውርደው ሊያድሱት ይችላሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። መልኩም ከዓመት ወደ ዓመት ብዙ አይለወጥም ነበር። በጀርመን አገር መሠራቱ በ1970 ዓ.ም. ከቆመ በኋላ እንኳ በሜክሲኮ እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ተሠርቷል፤ እስከዚያም ቀን የተሠሩት ቁጥራቸው ከ21,500,000 በላይ ነው። ይህን ያህል ብዛት ያለው ዕቃ ዓለምን ሞልቶት ስለ ነበር፣ የአንዱ ክፍል ለሌላው እየሆነ እዚህ ደርሷል።

ከቀትር በኋላ አንድ ወጣት በአዲስ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ወደ ግቢው ገባ። ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም፤ ከእነዚያ ከሚያጨሱት ሰይቼንቶዎች አጠገብ ሲቆም ሁላችን በአድናቆት ዞር አልን። ነገር ግን የኋላ መብራቱ ተሰብሮ በቀይ ፕላስተር ታሽጓል። ምን እንደ ደረሰበት ብንጠይቀው፣ የሚያቆምበት ሥፍራ ግንብ ነክቶት መሰበሩን፣ መብራቱንም ለማግኘት አምስት ወር መጠበቁን፣ የሸጠለት ሰው አውቶሞቢል እንጂ መብራት እንደማይሸጥ እንደ ነገረው አጫወተን። ወዳጄ እኔ የት እንደምሠራ ነገረውና ወጣቱ ወደ እኔ ዘወር ብሎ፦ «እናንተም ልታስመጡ ነው መሰለኝ፤ መለዋወጫ ይኖራችኋል?» አለኝ። ያንን ሁለት ገጽ ማስታወሻ አስታውሼ «እየታሰበበት ነው» ብዬ መለስሁለት። መልሴ ሐሰት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

እዚህ ላይ ነጋድያን የሚያነሡትን ክርክር አላጣሁትም፤ እኔው ራሴ ጽፌዋለሁና። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በ2014 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ ታክስ ነፃ ከተደረጉ ወዲህ፣ ይልቁንም ከጥር ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚንቀሳቀሱ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ፣ ገበያው ወደዚሁ አዘንብሏል። አስመጪው ያለውን ጥቂት የውጭ ምንዛሪ ቶሎ ወደሚሸጥ ዕቃ ማዋሉ የሚያስወቅሰው አይደለም። የሞዴሉም ዓይነት ብዙ ነው፤ ዛሬ ያዘዝነው ሞዴል ከሁለት ዓመት በኋላ በፋብሪካው ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? የመተርኮሻውም ዓይነት ስሕተት ሊደገም ይችላል።

ሆኖም ካርዶቼን ሰኞ ጧት እንደ ገና ባገላብጥ ያልጠበቅሁትን አገኘሁ። ሳይሸጥ ቀረ ብዬ የዘረዘርሁት አብዛኛው ጌጣጌጥ ነው፤ መተርኮሻ፣ የመቀመጫ ልብስ፣ የሬዲዮ ማቀፊያ። ካንዴላ፣ ቺንጊያ፣ የፍሬን ሸራ፣ የመብራት መስተዋት ግን በየካርዳቸው ላይ ተሸጠው አልቀዋል፤ እኔ «ያለቀ» የሚለውን ካርድ ከዝርዝሩ ስላወጣሁት ብቻ ነው የሞተው ሁሉ መለዋወጫ መስሎ የታየኝ። በዚህም ላይ ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በቀድሞው ዋጋ ገብቶ መደርደሪያ ላይ የቈየ ዕቃ ለባለቤቱ ጕዳት ሳይሆን ጥቅም እንዳመጣ ሒሳቡን የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ተኛ ያልሁት ገንዘብ አልተኛም ነበር።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። አውቶሞቢል የሚያስመጣ ነጋዴ ሁሉ ከመጀመሪያው ጭነት ጋራ የሚሰበሩትን ዕቃዎች ያስመጣ፤ ባትሪውን አላልሁም፤ እርሱ ውድ ነው፣ በፋብሪካውም ዋስትና ሥር ነው። ከተማችን ውስጥ የሚሰበረው መብራት፣ ስፖኪዮ፣ ፓራውልት፣ መስተዋትና የመሽከርከሪያ ተሸካሚ ክፍሎች ናቸው። ሞዴሉን ያሳንስ፤ አምስት ዓይነት ሁለት ሁለት ከማስመጣት ሁለት ዓይነት አምስት አምስት ማስመጣት ለመለዋወጫው ይቀላል። አንድ ዓይነት ሞዴል የሚያስመጡ ሦስት አራት ነጋድያንም በንግድ ምክር ቤቱ አማካይነት ተነጋግረው አንድ የጋራ መጋዘን ቢያቋቁሙ፣ የእያንዳንዱ ገንዘብ ሳይታሰር የሁሉም ደንበኛ ይገለገላል። ይህን የምለው ተፎካካሪዎች አብረው ቡና ሲጠጡ እንጂ መጋዘን ሲጋሩ እምብዛም አለማየታችንን ሳልዘነጋ ነው።

በዚያ ግቢ ያሉት አሮጌ አውቶሞቢሎች ተመልሰው ይምጡ የምል ሰው አይደለሁም። ጭሳቸው ይከብዳል፤ የወዳጄ ቮልስ መብራት በስድስት ቮልት የሚሠራ ስለ ሆነ ማታ ስንመለስ ከሻማ ብዙም አይሻልም ነበር፤ ዳገቱን ስንወጣም ከጭነት ካሚዮን ኋላ ተጎትተን ነው የገባን።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ማስታወሻውን አርሜ እንደ ገና አቀረብሁ። የምሠራላቸው ነጋዴ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ከዚያም «የመተርኮሻዎቹስ ነገር?» ብለው ጠየቁኝ። ስሕተቱ የዓይነት እንጂ የአሳብ እንዳልነበረ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ለፋብሪካው ሦስት ጥያቄ እንድጽፍ አዘዙኝ፤ ሞዴሉ ከተቋረጠ በኋላ ለስንት ዓመት መለዋወጫ ትሰጣላችሁ፣ የጥገናውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ትልካላችሁን፣ ሁለት መካኒኮቻችንንስ ታሠለጥናላችሁን የሚሉ ናቸው። ደብዳቤው ማክሰኞ ተልኳል። ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ የዋጋ ዝርዝር ሁለት ጊዜ ልከውልናል፤ የጥያቄዎቹ መልስ ግን ገና አልመጣም።