«ይሻላል» ከምን? ለማንስ?

ሂስ ሚዛን ነው ይባላል። ሁለት ሳህን የሌለው ሚዛን ግን ምንም አይመዝንም። በኪነ ጥበብ ግምገማ መድረኮች ዛሬ የነገሠው ባለ አንድ ሳህኑ ሚዛን «የተሻለ» የሚለው ቃል ነው። «የተሻለ ተውኔት»፣ «የተሻለ ድርሰት»፣ «የተሻለ የማስተማሪያ መጽሐፍ» ይባላል፤ ከየትኛው፣ በምን፣ ለማን እንደተሻለ የሚናገር ግን የለም።

ለዚህ ስንፍና ቋንቋው አይወቀስም። አማርኛ ሲያነጻጽር «ከ» ይላልና ተናጋሪውን «ከምን?» ሲል ራሱ ይጠይቀዋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ባላገር ሁለቱንም ወገኖች ይጠራል፤ የሚለካበትንም መስፈርት፣ ርቀትንና ቅርበትን፣ አይሸሽግም። ሰሚው ቢሻ ይቀበለዋል፣ ባይሻ ይሟገተዋል። ብቻውን የቆመ «የተሻለ» ግን የሚሟገቱበት መያዣ የለውም።

የቃላት ችግርም የለም። «ይበልጣል» ብዛትንና ደረጃን ይለካል። «ይሻላል» ሕመምተኛው «ተሻለው» ከሚባልበት ቃል ጋር ይዛመዳልና ብዙ ጊዜ ከሁለት ችግር የቀለለውን ያመለክታል። «ይበጃል» ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ጊዜ የተስማማውን ይናገራል። «ይጠቅማል» ደግሞ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ያስጠይቃል።

በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» እና በ1958 ዓ.ም. ለንባብ የበቃው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይነጻጸሩ። በገጸ ባሕርያት አሳሳል «ፍቅር እስከ መቃብር» ይልቃል ማለት ይቻላል። የአማርኛ ልብ ወለድን አጀማመር ለሚያጠና ተማሪ ግን «ጦቢያ» ይበልጥ ይጠቅማል። ሁለቱ ፍርዶች አይጣሉም። የሚያጣላቸው «የተሻለው የቱ ነው?» የሚለው ጎደሎ ጥያቄ ነው።

«ይህ የቃል ጉዳይ ነው፤ ያለዚያም እንግባባለን» የሚሉ አይጠፉም። አይግባቡም። የአንድ ወጣት ጸሐፌ ተውኔት ድርሰት «ሌላው ይሻላል» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ሲቀበር፣ ደራሲው ምን እንደሚያርም አይነገረውም። «ቃለ ተውኔቱ ስለሚረዝም ለሕፃናት ተመልካች ያኛው ይበጃል» ቢባል ግን አሳጥሮ ይመለሳል፤ ወይም «የእኔ ለአዋቂዎች ነው» ብሎ ይከራከራል። የፊተኛው ፍርድ በር ይዘጋል፣ የኋለኛው ሥራ ይሰጣል።

እንግዲህ መምህሩ በተማሪው ደብተር ላይ፣ ገምጋሚው በስብሰባው ቃለ ጉባዔ ላይ፣ ሃያሲው በመጽሔቱ ዓምድ ላይ «ይሻላል» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ይመልስ፦ ከምን? በምን? ለማን? መልስ ካጣ ፍርድ አልሰጠም፤ ምርጫውን ብቻ ተናግሯል። የግል ምርጫን በፍርድ ስም ማቅረብ ደግሞ ሂስ አይባልም።