የአጥንቱ መድኃኒት ከደምሽ ጋር ይስማማል ወይ?

 

ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ወገብ፣ ስለ ጨጓራና ስለ ራስ ምታት ናቸው። የዛሬው ግን ጠንከር ይላል። ቤይሩት ብዙ ዓመት የሠሩ አንዲት እናታችን የቆየ የደም ሕመም አለባቸው፤ ፕላትሌት የሚባለው የደም ክፍል ከልክ በላይ ይበዛባቸዋል። በዚህ ላይ አጥንትዎ ሳስቷል ተብለዋል። አንዱ ሐኪም በየስድስት ወሩ የሚሰጥ መርፌ ነግሯቸዋል፤ ሌላው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን ይበቃል ብሏል፤ ጎረቤት ደግሞ ላረጡ ሴቶች የሚሰጥ ሌላ ኪኒን አለ ብላቸዋለች። ኮንትራታቸው ሊያልቅ የቀሩት ጥቂት ወራት ናቸው። ጥያቄያቸው “የቱን ልያዝ?” የሚል ነው።

እኛ እዚህ ተቀምጠን ይህን ዋጪ፣ ያንን ተዪ አንልም፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። ነገር ግን አንቺም እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቢ ምን ምን መመዘን እንዳለበት አውቀሽ ብትገቢ ይሻላል። ሚዛኑ ላይ የሚቀመጡት ሦስት ናቸው፦ አጥንትሽ፣ ደምሽ፣ እንዲሁም በዚህ አገር የሚቀርሽ ጊዜ። ሐኪሞች ሁለቱን ይመዝናሉ። ሦስተኛውን ካልነገርሻቸው አያውቁትም።

በመጀመሪያ ደሙን እንመልከት። ሕመሙ በሕክምና ስሙ ኢሴንሺያል ትሮምቦሳይቴሚያ ይባላል። ደም የሚመረተው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው፤ በዚህ ሕመም መቅኔው ፕላትሌትን ያለ ልክ ያመርታል። ፕላትሌት ቢላ ሲቆርጠን ደሙ እንዲቆም የሚያደርገው ነው። ጤናማ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕላትሌት አለው፤ እዚህ ግን ቁጥሩ ከ450,000 በላይ ሆኖ ይቆያል። ሐኪሞች በዝግታ ከሚሄዱ የደም ካንሰሮች ጋር ይመድቡታል። ቃሉ ያስደነግጣል፤ ሆኖም ክትትሉን ሳያቋርጥ ረጅም ዘመን የሚኖር ብዙ ነው። ዋናው ስጋት በደም ሥር ውስጥ የሚረጋ ደም ነው፤ ዐረቦቹ “ጀልጣ” የሚሉት። እግር ላይ ይረጋል፤ ወደ ሳንባ ሊሄድ፣ ልብን ወይም አንጎልን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች በየቀኑ አነስተኛ አስፕሪን ይወስዳሉ። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ወይም ከዚህ ቀደም ደም የረጋባቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለው ኪኒን ይጨመርላቸዋል።

የአጥንት መሳሳት በዐረብኛ “ሀሻሸት አል ዒዛም” ይባላል፤ ቃሉን ያዢው፣ ሐኪም ቤት ይጠቅምሻል። ዴክሳ በሚባል መሣሪያ ይለካል። ውጤቱ ከዜሮ በታች 2.5 ወይም ከዚያ በባሰ ሲሆን አጥንቱ ሳስቷል ይባላል። ሕመሙ አይታወቅም፤ አያቃጥልም፣ አይቆረጥምም። የሚታወቀው እርጥብ ሰሌዳ ላይ አዳልጦሽ ስትወድቂና የእጅ አንጓሽ ወይም ዳሌሽ ሲሰበር ነው። ሌላ ሴት ዳሌዋ ቢሰበር ጉዳቱ ስብራቱ ነው። ደሟ የሚረጋባት ሴት ግን ተኝታ በምትከርምባቸው ሳምንታት እግሯ ላይ ደም የመርጋቱ አደጋ ይጨምራል። እንግዲህ “የደሙ ይበቃኛል፣ የአጥንቱን እተወዋለሁ” ማለት አያዋጣም።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ እንምጣ። ጎረቤት የጠቀሰችው ኪኒን ራሎክሲፊን ሳይሆን አይቀርም። አጥንት ላይ እንደ ሴት ሆርሞን ሆኖ ይሠራል፤ ነገር ግን ደም በደም ሥር ውስጥ እንዲረጋ ያበረታታል። ኤስትሮጅን ያለበት የሆርሞን ኪኒንም እንዲሁ። የሚረጋ ደም ላላት ሴት ይህ በር የተዘጋ ነው ብትዪ ማጋነን አይሆንም። ጎረቤትሽ ወስዳው ተስማምቷት ይሆናል፤ የእሷ ደም ግን ያንቺ ደም አይደለም።

የሳምንቱ ኪኒን አለንድሮኔት ይባላል፤ ብዙዎች በንግድ ስሙ ፎሳማክስ ብለው ያውቁታል። 70 ሚሊ ግራም በሳምንት አንድ ቀን ነው። ደምን አያረጋም፣ ርካሽ ነው፣ በሌላ ስምም ተሠርቶ በብዙ አገር ይገኛል። አስቸጋሪው አወሳሰዱ ነው። ጠዋት ባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጣል። ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ምግብ የለም፣ ቡና የለም፣ ወተት የለም፣ ሌላ ኪኒንም የለም፤ በቡና ብትውጪው ከሆድሽ ወደ ደምሽ የሚገባው ይቀንሳል። መተኛትም አይፈቀድም። ኪኒኑ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ወይም ከሆድ ከተመለሰ ያቆስላል። ስለዚህ ውጠሽው ቀጥ ብለሽ ቁሚ ወይም ተቀመጪ፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ጎንበስ ብለሽ ወለል ከመወልወል ልብስ ማጠፍ ወይም ሳህን ማጠብ ይሻላል። ማዳም ከመነሣቷ በፊት የምትነሽ ከሆነ ያ ሰዓት ላንቺ የተሠራ ነው። ረቡዕን ወይም ዓርብን ብትመርጪ ጾሙ ራሱ ባዶ ሆድሽን ይጠብቅልሻል። ቆራቢ ከሆንሽ ግን ቅዳሴ የምትሄጂበትን ቀን አትምረጪ፤ ያለ ውሃ አይዋጥምና።

ሌላም ነገር አለ፤ አስፕሪን ትወስጃለሽ። አስፕሪን ለጨጓራ አይመችም፤ ይህ ኪኒንም አይመችም። የጨጓራ ቁስለት ኖሮብሽ ከሆነ፣ ሰገራሽ ጠቁሮ የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይም መዋጥ የሚያስቸግርሽ ከሆነ ሳትጠየቂ ተናገሪ። እግረ መንገድሽን፣ ለወገብሽ ብለሽ ከፋርማሲ የምትገዢውን አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በአስፕሪን ላይ አትደርቢ። የመድማት አደጋውን ይጨምራል፤ አይቡፕሮፌን ደግሞ አስፕሪኑ ልብሽን የሚጠብቅበትን ጉልበት ይቀንሰዋል።

ጨጓራዋ ለማይችል ሴት ከዚሁ ወገን የሆነ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ዞለድሮኒክ አሲድ ይባላል። 5 ሚሊ ግራም በዓመት አንድ ጊዜ፣ እንደ ግሉኮስ እየተንጠባጠበ፣ ቢያንስ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል። በዓመት አንድ ቀን ፈቃድ ማግኘት በየሳምንቱ የሰላም ግማሽ ሰዓት ከማግኘት ለሚቀላት እህት ጥሩ ነው። ከመጀመሪያው በኋላ ብዙዎችን ለሁለት ለሦስት ቀን ትኩሳትና ቁርጥማት ይይዛቸዋል፤ ለዚህ ፓናዶል ይበቃል። ሃይድሮክሲዩሪያ የምትወስጂ ከሆነ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ያ መድኃኒት ነጭ የደም ሕዋስንም ሊቀንስ ስለሚችል ትኩሳት ሁሉ የመርፌው ነው ብለሽ አትተኚ። ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ ወይም ከጠነከረ ደምሽን ወደሚያየው ሐኪም ሂጂ። ኪኒኑም ሆነ ይኸኛው ኩላሊት ሲዳከም ስለማይሰጡ አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ይደረጋል።

ወደ ስድስት ወሩ መርፌ ስንመጣ ረጋ ብለሽ አንብቢ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ዴኖሱማብ ነው፤ ፕሮሊያ በሚለው ስም ይታወቃል። 60 ሚሊ ግራም ከቆዳ ሥር በየስድስት ወሩ ይወጋል። ጨጓራን አይነካም፣ ደም አያረጋም፣ ኩላሊቷ ለደከመ ሴትም ካልሲየሟ በቅርብ እየታየ ሊሰጥ ይችላል፤ አጥንትንም በደንብ ያጠነክራል። ሐኪሙ ቢመርጠው አይፈረድበትም። ግን ይህ መርፌ ሲቋረጥ እንደ ሌሎቹ አይደለም። ኪኒኑና የዓመቱ መድኃኒት አጥንት ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፤ ብታቆሚም ለተወሰነ ጊዜ ይጠብቁሻል። ዴኖሱማብ ግን አይቀመጥም። ከመጨረሻው መርፌ ሰባት ወር ካለፈ በኋላ ያገኘሽው አጥንት በፍጥነት ይሄዳል፤ በአንዳንድ ሴቶች ላይ የአከርካሪ አጥንት ተከታትሎ እስከ መሰበር ደርሷል። ስለዚህ የሚጀምረው ሰው ወይ ይቀጥላል፣ ወይም ሲያቆም ወዲያው ሌላ መድኃኒት ይተካለታል።

እንግዲህ አስቢው። ኮንትራቱ ያልቃል፤ ማዳም ታድሳለች ወይም አታድስም። አንዳንዷም በድንገት ሻንጣዋን ይዛ አውሮፕላን ማረፊያ ትገኛለች። ቀጣዩ መርፌ በየት አገር፣ በማን ገንዘብ ይወጋል? ሐኪሙ አንቺን የሚያይሽ ነገም ተነገ ወዲያም እዚያው ከተማ እንደምትኖር ሰው ነው። “ዶክተር፣ ከጥቂት ወራት በኋላ አገሬ ልገባ እችላለሁ” የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርጫውን ሙሉ በሙሉ ልትቀይረው ትችላለች። መርፌውን የግድ የምትፈልጊበት ምክንያት ካለ፣ ከመጀመርሽ በፊት ቤተ ሰብሽ አዲስ አበባ ያሉ ፋርማሲዎችን ይጠይቁ፤ ይገኛል ወይ፣ ስንት ነው። ጀምረሽው ከሆነም አትደንግጪ፤ ከመሄድሽ በፊት “ስሄድ ምን ልተካበት?” ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። በእኔ እምነት መመለሷ ለተቃረበ ሴት፣ ሌላ ከባድ ምክንያት ከሌለ፣ ይቅር የሚለው መድኃኒት ከኃይለኛው ይበልጣል።

አጥንት የሚገነቡ የሚባሉትም አሉ። ቴሪፓራታይድ በየቀኑ ራስሽ የምትወጊው፣ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ፣ እስከ ሁለት ዓመት የሚሰጥና ሲያልቅ ሌላ መድኃኒት የሚከተለው ነው። አጥንታቸው ውስጥ ካንሰር ላለባቸው ወይም አጥንታቸው ላይ ጨረር ለተሰጣቸው አይሰጥም። ያንቺ ሕመም መነሻው መቅኔ ስለሆነ የደም ሐኪሙ “ይሁን” ሳይል አይጀመርም። በ2019 የተፈቀደው ሮሞሶዙማብ ደግሞ ለአንድ ዓመት በየወሩ የሚወጋ ሲሆን ባለፈው ዓመት ውስጥ የልብ ድካም ወይም የአንጎል ምት ለደረሰበት ሰው እንዳይሰጥ ማስጠንቀቂያ አለው። ደሟ ለሚረጋ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱም ውድ ናቸው።

የትኛውም ቢመረጥ አስቀድመው የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ። ፀሐይ በሞላበት አገር ቫይታሚን ዲ ያነሰው ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያቱን አንቺው ታውቂዋለሽ። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ፣ ሙሉ ልብስ ለብሰሽ ትውያለሽ። በመስኮት መስታወት የሚገባው ፀሐይ ደግሞ ቫይታሚኑን አይሠራም። ልብስ ስታሰጪ በረንዳው ላይ ክንድሽን ገልጠሽ ትንሽ ቆዪ። ቫይታሚን ዲሽና ካልሲየምሽ ሳይለካና ሳይስተካከል መርፌ አትወጊ፤ ካልሲየሙ ይበልጥ ሊወርድ ይችላልና። 50,000 የሚል የተጻፈበትን እንክብል ግን በራስሽ ገዝተሽ በየቀኑ እንዳትውጪ፤ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው በሳምንት አንድ ነው።

ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል። በፍስክ ወተትና እርጎ አለ። በጾም ጠሒና፣ ሰሊጥ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ይረዱሻል፤ ብቻቸውን ላይሞሉት ስለሚችሉ ኪኒን ቢታዘዝልሽ አትናቂው፤ ከአለንድሮኔት ሰዓት ግን አርቂው። ጥርስሽንም አስቀድመሽ አሳዪ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ ከስንት አንድ ቢሆንም፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ መንጋጋ እንዳይድን ያደርጋሉ። የሚነቀል ካለ ከመጀመርሽ በፊት ይነቀል።

ለመናገር የሚከብደውንም እንናገረው። አንዳንድ እህቶች የደም ሕመማቸውን ከአጥንት ሐኪሙ ይደብቃሉ፤ ማዳም ሰምታ እንዳታባርራቸው ስለሚፈሩ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አንልም፤ የተባረሩ አሉ። ነገር ግን አንድ መድኃኒት ለአጥንት ጥሩ፣ ለደም መጥፎ ሊሆን እንደሚችል አይተናል። ሐኪሙ ያልሰማውን ሊጠነቀቅለት አይችልም። ማዳም አስተርጓሚ ሆና ከምትገባ ዐረብኛ የምታውቅ እህት ከቤተ ክርስቲያን ይዘሽ ግቢ፤ ያም ካልሆነ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ባዶ ማሸጊያ ሰብስበሽ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። ማሸጊያው ይናገርልሻል።

ለመሄድ ስትነሽም የዴክሳውን ውጤት፣ የመጨረሻዎቹን የፕላትሌት ቁጥሮችና የመርፌውን ስምና የተወጋበትን ቀን የያዘ ወረቀት በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ለደም ሕመሙ ክትትል አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም ክፍል አለ፤ ሪፈር ይዞ መሄድ ስለሚያስፈልግ ገና እንደገባሽ ሰፈርሽ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሪ። በአውሮፕላኑ ውስጥም ውሃ ጠጪ፣ በየሰዓቱ እየተነሣሽ እግርሽን አንቀሳቅሺ፣ አስፕሪንሽንም በዚያ ቀን እንዳትረሺ።