የሉሁ ስፋትና የእንጦጦ ነፋስ

በሰፊ የፊልም ሉህ ፎቶግራፍ ለማንሣት በሚሹ ሰዎች ዘንድ የካሜራ ምርጫ በሁለት እምነቶች ይመራል፤ አንደኛው ሉሁ በሰፋ ቁጥር ፎቶግራፉ ይበልጥ ይጠራል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከቤት ውጭ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ከሁሉ የቀለለው ነው የሚል ነው። ሁለቱም ጥቂት እውነት ስላለባቸው ሳይመረመሩ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ፤ ነገር ግን ምርጫውን የሚጀምሩት ከዕቃው እንጂ ዕቃው ከሚተከልበት መሬት አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ በሚወጣው የጉለሌ ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥሩና የሸማኔው ጠባብ ክፍል በሚቀራረቡበት ስፍራ ሲፈተኑ፣ የመጀመሪያው እምነት ይፈርሳል፤ ሁለተኛውም ብዙ እርማት ይሻል።

እዚህ ላይ ባለሉህ ካሜራ የሚባለው ፊልሙን በጥቅል ሳይሆን በነጠላ ሉህ የሚቀበል፣ ሌንሱ የተሰካበት የፊት ሰሌዳና ፊልሙ የሚቀመጥበት የኋላ ሰሌዳ ብርሃን በማያስገባ ተጣጣፊ ወናፍ የተገናኙበት መሣሪያ ነው። አንሺው ራሱን በጥቁር ጨርቅ ከልሎ በኋላው ሰሌዳ ባለ ደብዛዛ መስታወት ላይ ተገልብጦ የሚታየውን ምስል ያስተካክላል፤ ከዚያም በሁለት ገጹ ሁለት ሉህ ብቻ የሚይዘውን የፊልም መያዣ ያስገባል። የመሣሪያው ዋና ኃይል ሰሌዳዎቹ ከፍና ዝቅ፣ ወደ ጎንና ዘንበል ማለት መቻላቸው ነው። በብዛት የሚታወቁት የሉህ መጠኖች 4 በ5 ኢንች፣ ማለትም 10 በ12.7 ሴንቲ ሜትር፣ እንዲሁም 8 በ10 ኢንች፣ ማለትም 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ሲሆኑ፣ ሁለተኛው በስፋቱ የመጀመሪያውን አራት እጥፍ ይሆናል።

ለትልቅ ሉህ የሚሰጠው ክብር መነሻው ማጉላት ባልተለመደበት ዘመን ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱት የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሲሠሩ፣ በወረቀት ላይ የሚታተመው ምስል ከመስታወቱ ጋር ተነካክቶ ስለሚታተም መጠኑ ከመስታወቱ መጠን አይበልጥም ነበር፤ ትልቅ ምስል የፈለገ ትልቅ መስታወት ከመሸከም በቀር አማራጭ አልነበረውም። ያ ግዴታ ዛሬ የለም። አንድ የ4 በ5 ኢንች ሉህ በእያንዳንዱ ኢንች 2,400 ነጥብ በሚያነብ ስካነር ቢነበብ 115 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች ይገኙበታል፤ ይህም በእያንዳንዱ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 81 በ102 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ለኤግዚቢሽን ግድግዳ የሚበቃ ምስል ይሰጣል። ግዴታው ካለፈ በኋላ የቀረውን ልማድ እንደ ጥበብ ሕግ ማስተማር ስሕተት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ስሕተት ግን በብርሃን ሕግ ውስጥ ያለው ነው። ለ4 በ5 ሉህ መደበኛ የሚባለው ሌንስ የትኩረት ርቀቱ 150 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ተመሳሳዩን እይታ በ8 በ10 ሉህ ለማግኘት 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልጋል። የጥራት ጥልቀት፣ ማለትም ከቅርብ እስከ ሩቅ ጠርቶ የሚታየው የቦታ ስፋት፣ በእኩል መጠን በታተሙ ምስሎች ላይ የሚወሰነው በሌንሱ ቀዳዳ ትክክለኛ ስፋት ነው። ስለዚህ 150 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ በአፐርቸር 22፣ ማለትም ቀዳዳው ከትኩረት ርቀቱ 22ኛ እጅ ሲሆን፣ የሚሰጠውን ጥልቀት ለማግኘት 300 ሚሊ ሜትሩ እስከ 45 መጥበብ አለበት፤ በሁለቱም ዘንድ ቀዳዳው ከ7 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያንሳል። በዚያው ቀዳዳ የገባው ብርሃን አራት እጥፍ በሰፋ ሉህ ላይ ስለሚበተን ጊዜውም አራት እጥፍ ይረዝማል። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የሚፈጥረው ብዥታም ቀዳዳዎቹ እኩል በመሆናቸው በታተመው ምስል ላይ እኩል ነው። ለትልቁ ሉህ የሚቀርለት ብልጫ የፊልሙ ቅንጣት ይበልጥ መድቀቅና የጥላዎቹ ሽግግር ልስላሴ ነው፤ ይህ ብልጫ እውነተኛ ቢሆንም የሚገኘው ሁሉም ነገር ጸጥ ብሎ ከቆመ ብቻ ነው።

በእንጦጦ ደግሞ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሎ አይቆምም። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ከፍታ ነፋስ የዘወትር እንግዳ ነው፤ በምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረትን ለማቃለል የገባው ባሕር ዛፍም ረጃጅምና ቁልቁል የተንጠለጠሉ ቅጠሎቹ በቀላል ነፋስ ይወዛወዛሉ። ፍጥነቱ 100 በሆነ ፊልም፣ ከጠራ ፀሐይ በሦስት ደረጃ በሚያንስ የዛፍ ጥላ ውስጥ፣ የ4 በ5 ካሜራው በአፐርቸር 22 ከሰከንድ አንድ ስድስተኛ ያህል ሲፈልግ፣ የ8 በ10ሩ በ45 ሁለት ሦስተኛ ያህል ሰከንድ ይፈልጋል። በዚህ ልዩነት መካከል ቅጠሉ ተንቀሳቅሶ ብዥ ይላል፤ ሰፊው ወናፍም ነፋሱን እንደ ሸራ ስለሚቀበል ካሜራው ራሱ ይንቀጠቀጣል። ለቅንጣት ድቀት ተብሎ የተሸከሙት ሉህ የደበዘዘ ጫካ ይዞ ይመለሳል ማለት ነው።

የትልቁ ሉህ ጠበቆች ጥልቀቱ የሚገኘው ሌንሱን በማዘንበል እንጂ ቀዳዳውን በማጥበብ አይደለም ብለው ይመልሳሉ። ይህ በኦስትሪያዊው መኮንን ቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ስም በሚጠራው ሕግ ላይ የቆመ መልስ ነው፤ ሕጉም የፊልሙ ገጽ፣ የሌንሱ ገጽና ጠርቶ የሚታየው ገጽ በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ በዚያ ገጽ ላይ ያለው ሁሉ ይጠራል ይላል። ከእንጦጦ ሜዳማ ጫፍ በ1.5 ሜትር ቁመት የቆመ 150 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ ፊት 6 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል፣ ከእግር ሥር ያለው ሣርና የሩቁ ከተማ አብረው ይጠራሉ። ጥበቡ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ለተዘረጋ መሬት ነው። ከሣሩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው የባሕር ዛፍ ግንድ ከዚያ ገጽ ይወጣል፤ የካሜራው ቅርብ ጎረቤት ዛፍ ሲሆንም ቀዳዳውን ከማጥበብ በቀር መድኃኒት የለም። ጫካው በሚበዛበት አገር ያንኑ ጥልቀት በእኩል ቀዳዳ በአጭር ጊዜ የሚሰጠው ትንሹ ሉህ ያሸንፋል።

ሰሌዳን ከፍ የማድረግ ችሎታ ግን በጉለሌ ከማዘንበልም ይበልጣል፤ ገዢዎች ይህን ቸል ማለታቸው ያሳዝናል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ባለስምንት ማዕዘኗ እንጦጦ ማርያም በቅጥርና በዛፍ የተከበበች ናት፤ አንሺው እንደ ልቡ ወደ ኋላ መራቅ ስለማይችል ካሜራውን ወደ ላይ ያቀናል፣ ግድግዳውም ወደ ኋላ የሚወድቅ መስሎ ይወጣል። በ90 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ከሕንፃው 18 ሜትር ርቀት፣ ካሜራው ቀጥ ብሎ ሉሁ በቁመቱ ሲቆም ከካሜራው ከፍታ በላይ 12 ሜትር ያህል ይታያል፤ የሌንሱ ሰሌዳ 20 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል በዚህ ላይ 4 ሜትር ይጨመርና መስቀሉ ሳይቆረጥ ግድግዳው ቀጥ ይላል። ለዚህም ሌንሱ የሚሸፍነው የብርሃን ክብ 153 ሚሊ ሜትር ከሚሆነው የሉሁ ሰያፍ በግልጽ መብለጥ አለበት፤ ወናፉም ለአጭር ሌንስ የሚመች ለስላሳ ከረጢት መሰል መሆን አለበት።

የቅለት እምነትም የራሱ ጥፋት አለው። ክብደታቸው ከ1.5 ኪሎ ግራም በታች የሆኑ ታጣፊ የእንጨት ካሜራዎች መኖራቸው መልካም ነው፤ ሆኖም ቅለቱ ብዙ ጊዜ የሚገዛው በወናፍ እጥረትና በእንቅስቃሴ ውስንነት ነው። ሽሮ ሜዳ ውስጥ እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ የጥበብ ጠርዝ የሚሸምነውን ሰው እጆች በ210 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ1 ሜትር ርቀት ለማንሣት ወናፉ 266 ሚሊ ሜትር ያህል መዘርጋት አለበት፤ ብርሃኑም በዚህ መዘርጋት ምክንያት በ1.6 እጥፍ መጨመር አለበት። ወናፉ በ250 የሚያበቃ ካሜራ፣ የቱንም ያህል ቀላል ቢሆን፣ ከዚህ ሥራ ውጭ ነው። በአንጻሩ በአንድ የብረት ዘንግ ላይ የሚንሸራተተው ሞኖሬል «የስቱዲዮ ዕቃ» ተብሎ ይናቃል፤ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም መመዘኑ ለብዙ ቀን የእግር ጉዞ ሸክም መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን እስከ እንጦጦ መኪና የሚያደርስ መንገድ አለ፤ ከመኪናው እስከ ሥራው ቦታ ያለው እርምጃም ጥቂት ነው። እንቅስቃሴው የተሟላውን ያገለገለ ሞኖሬል ንቆ እንቅስቃሴ የሌለውን ቀላል ካሜራ መግዛት በጉለሌ ምክንያት የለውም።

ሉህ ፊልም በአገር ውስጥ የማይሠራ፣ ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ ወይም ከቼክ የሚመጣ ዕቃ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። አንድ የ8 በ10 ሉህ አራት የ4 በ5 ሉሆችን ይበላል፤ ጀማሪ ደግሞ ከአንድ ፍጹም ሙከራ ይልቅ አራት ሙከራዎች ያስፈልጉታል።

ምስሉን ሳያጎላ፣ ሉሁን በወረቀት ላይ ነክቶ በራሱ መጠን ማተም ዋና ዓላማው የሆነ ሰው 8 በ10 ይግዛ፤ ለእርሱ ሌላ ምትክ የለም። ሌላው ግን የ4 በ5 ካሜራ፣ የፊት ሰሌዳው ከፍ የሚልና የሚያዘነብል፣ ወናፉ እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋ ይምረጥ፤ ከካሜራው ዋጋ የተረፈውንም ነፋስ ለማያነቃንቀው ትራይፖድ ያውል። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊትም በጨለማ ክፍል ወናፉን እስከ ጫፉ ዘርግቶ ከውስጥ የእጅ ባትሪ ያብራ፣ ማእዘኖቹንም አንድ በአንድ ይመርምር፤ በመርፌ ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን ከባሕር ማዶ የመጣውን ሉህ ያበላሻልና።