በባዕድ አገር መኪና ስለ መንዳት

ከቤተ ሰቡ ጋራ ወደ ውጭ አገር ሄዶ መኪና ሊነዳ ያሰበ ሰው፥ ለፓስፖርቱ የሚጨነቀውን ያህል ለመንጃ ፈቃዱም ሊያስብ ይገባዋል። ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ የሚባለው ደብተር ስሙ ትልቅ ነው እንጂ፥ ሥራው ያገር ቤቱን ፈቃድ በልዩ ልዩ ቋንቋ መተርጐም ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናውን በቤቱ ትቶ ትርጓሜውን ብቻ የያዘ ሰው ፈቃድ እንደሌለው ይቈጠራል። የሚሰጠውም ዋናውን ፈቃድ በሰጠው አገር ነውና፥ ከመነሣት አስቀድሞ ማውጣት ያስፈልጋል።

ደግሞም ደብተሩ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ በ1949፥ ሌላው በ1968 በፈረንጅ አቈጣጠር በጄኔቭና በቪየና በተደረጉት ውሎች የቆመ ነው። የጄኔቩ 1 ዓመት፥ የቪየናው ቢበዛ 3 ዓመት ይጸናል። ጃፓን ከነዚህ የምትቀበለው የጄኔቩን ብቻ ስለ ሆነ፥ የቪየናውን ይዞ ቶኪዮ የደረሰ አባት ልጆቹን በባቡር ይወስዳል፤ መቼም የዚያ አገር ባቡር የሚያስከፋ አይደለም። ደፍሮ ቢነዳ ግን ሕግ መተላለፍ ነው፤ ግጭት ቢደርስም የኢንሹራንሱ ኩባንያ ካሣውን አልከፍልም ሊል፥ ዕዳውም በቤተ ሰቡ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ደብተሩ የየትኛው ውል እንደ ሆነ በሽፋኑ ላይ ከነዓመቱ ታትሞ ይገኛል።