ከረኃብ የተነሣ ሰውነት በአንድ ቀን አይመለስም

በዚህ ሳምንት በቤተ ሰብ ጤና ዓምዳችን የምንነጋገረው ከምግብ ማጣት የተነሣ ክፉኛ የከሳ ሰው፣ ይልቁንም ሕፃን፣ ሕክምና ከጀመረ በኋላ ስለሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ነው። ነገሩ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍና በወሰኑ ዳርቻ ለሚኖሩና ለሚሠሩ ሁሉ እንግዳ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወሰኑን ተሻግረው በወድ ኮውሊና በኡም ራኩባ ሰፍረው ነበር። በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ኡም ራኩባ እንደገና ተከፍቶ ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ተቀበለ፤ ጥቂት ቈይቶም የቱናይድባ ሰፈር ተጨመረ። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በመጀመሪያ ከካርቱም፣ ኋላም ከገዚራ የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ገዳሪፍ ጐረፉ። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት፤ ነገር ግን የእህል ገበያ መኖሩ ገንዘብ ለሌለው ስደተኛ እራት አይሆንለትም።

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ ባለሥልጣኖች በሥራቸው ከእነዚህ ቤተ ሰቦች ጋር ሲነጋገሩ አራት ቃላትን ለይተው ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። «ከሳ» ማለት ሥጋው ቀነሰ ማለት ነው። «መነመነ» ከዚህ የከፋ ነው፤ የጐድኑ አጥንት እስኪቈጠር ድረስ አለቀ እንደ ማለት ነው። «አበጠ» የሚባለው ግን ውኃ በእግሩና በፊቱ ሲቋጠር ነው፤ ያበጠውን ሕፃን ያላወቀ ሰው ወፍሯል ብሎ ይሳሳታል። አራተኛው ቃል «አገገመ» ነው። ያገገመ ሰው ገና አልዳነም፤ ወደ መዳን የሚወስደውን መንገድ ይዟል ማለት ነው። የዛሬው ምክራችን በሙሉ በማገገምና በመዳን መካከል ስላለው ርቀት ነው።

ምግብ ያጣ ሰውነት እንደ ድኻ ቤት ወጪውን ይቀንሳል። ልብ ይደክማል፣ ሙቀት ይወርዳል፣ አንጀት ይሳሳል፣ ጉበትና ኩላሊት ሥራቸውን ያጐድላሉ። እንዲህ ባለ ሰውነት ላይ ብዙ ምግብ በድንገት ቢጫንበት ኢንሱሊን የተባለው የሰውነት ቅመም በአንድ ጊዜ ይበዛል። በዚህም ምክንያት ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም የተባሉት ማዕድኖች ከደም ወጥተው ወደ ሕዋሳት ይገባሉ፤ ደም ከእነርሱ ሲራቈትም ልብ ይታወካል፣ ሞትም ሊከተል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1945 በጀርመን አገር የበርገን ቤልሰን እስር ሰፈር ነፃ በወጣ ጊዜ፣ ወታደሮች የሰጧቸውን ቅባት የበዛበት ምግብ በልተው የሞቱ እስረኞች ነበሩ። ወታደሮቹ ያደረጉት በደግነት ነበር፤ ደግነቱን የሚመራው ዕውቀት ግን ጐደለ።

በአገራችን ልማድ በሽተኛ የሚጠየቀው በምግብ ነው። ቅቤ የጠገበ ገንፎ፣ መረቅና አጥሚት ይቀርብለታል፤ በሱዳን ቤትም አሲዳና ማዲዳ ይዘጋጅለታል። ልማዱ የፍቅር ልማድ ነው፣ ጊዜው ሲደርስም ይጠቅማል። ክፉኛ የመነመነ ወይም ያበጠ ሕፃን ግን የምግብ ፍላጎት ከሌለው፣ ወይም ሌላ በሽታ ከተጨመረበት፣ በሐኪም ቤት ተኝቶ ኤፍ-75 በሚባል ልዩ ወተት ይጀምራል። ይህ ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ካሎሪ ብቻ የያዘ ነው። በየሦስት ሰዓቱ፣ በቀን 8 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር ይሰጣል። 6 ኪሎ ለሚመዝንና ላላበጠ ሕፃን በየጊዜው የሚደርሰው ወደ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ከአንድ የቡና ሲኒ ጥቂት የሚበልጥ ነው። እናቲቱ «ይህ ለልጄ ምን ይሆናል?» ብታዝን አያስደንቅም። ሆኖም የተለካው የሕፃኑ ልብና አንጀት የሚችሉትን ያህል ስለ ሆነ፣ ከውጭ በስውር የሚጨመር ምግብ አደጋ ያመጣል። ከሁሉ ይልቅ የሌሊቱ ወተት እንዳይታለፍ እናሳስባለን፤ ምግብ ሳያገኝ ያደረ ሕፃን በደሙ ያለው ስኳር ሊያልቅና ገላው ሊቀዘቅዝ ይችላልና።

ቀጥሎ እናቶችን እጅግ የሚያስደነግጠው ነገር ይመጣል። ያበጠ ሕፃን መታከም ሲጀምር ክብደቱ ይወርዳል። ሲገባ 8 ኪሎ የነበረው ከሳምንት በኋላ 7 ኪሎ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ እናት ሐኪም ቤቱ ልጄን አስርቦ ሊገድልብኝ ነው ብላ ይዛው ለመሄድ ታስባለች። ዳሩ ግን የወጣው ተቋጥሮ የነበረው ውኃ ነው፤ የሚዛኑ መውረድ የመልካም ምልክት ነው። ያላበጠውም ሕፃን ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ክብደት እንዲጨምር አይጠበቅም። በዚያን ጊዜ የሚታየው ምልክት ሌላ ነው፤ ሕፃኑ ዐይኑን ገልጦ ያያል፣ ገላው ይሞቃል፣ ወተቱን ራሱ ይፈልጋል፣ ሲያጫውቱትም ፈገግ ይላል።

በተቃራኒው ወገን ያሉ ሕመምተኞችም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ፈተና አለባቸው። ከልክ ያለፈ ውፍረት ስለ ጐዳቸው ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና የሚያሳንሱ ሰዎች በመጀመሪያ ፈሳሽ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣሉ፣ ከዚያ የላመ ምግብ ይቀምሳሉ፣ ወደ ተራ ምግብ የሚመለሱትም ከሳምንታት በኋላ ነው። ብዙዎቹ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ሚዛኑ ለጥቂት ቀኖች ቀጥ ሲልባቸው ቀዶ ሕክምናው ከንቱ ሆነ ብለው ይጨነቃሉ፤ ቈይቶ ግን እንደገና መቀነሱን ይቀጥላል። አንዱ ሚዛኑ እንዲወጣ፣ ሌላው እንዲወርድ ይመኛል፤ ሁለቱም ግን የሰውነትን ፍርድ ከአንድ ሳምንት ሚዛን ላይ ለማንበብ መቸኰል የለባቸውም። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ምሳሌ ለሁለቱም ይስማማል።

የምግብ ፍላጎት ከተመለሰና እብጠቱ ከጐደለ በኋላ ምግቡ በጥንቃቄ ይጨመራል። ሕፃኑ ኤፍ-100 የተባለውን ወተት ወይም ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይትና ከስኳር ተለውሶ የታሸገውን ምግብ ይወስዳል። ይህ ሕዝቡ ፕላምፒ ነት የሚለው ምግብ አንዱ እሽግ 92 ግራም ሆኖ 500 ካሎሪ ይሰጣል። በሐኪም ቤት ተኝቶ ለሚታከም ሕፃን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ10 ግራም በላይ ቢጨምር መልካም ነው፤ ከ5 ግራም በታች ከሆነ ግን ምክንያቱ ይመረመራል። ወደ ቤት ሲመለስም እሽጉ እንደ መድኃኒት የታመመው ሕፃን ድርሻ ነው። ሌሎች ልጆች በተራቡበት ቤት ይህን መፈጸም ለእናት ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ ለአንዱ ልጅ እሽግ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ለቤተ ሰቡም ራሽን ማሰቡ ተገቢ ነው። የሚጠባ ሕፃን አስቀድሞ ጡት ይጥባ፤ እሽጉን ሲበላም ንጹሕ ውኃ ይሰጠው።

ምግቡን በሚገባ እየበላ የማይጨምር ሰው ሌላ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። በገዳሪፍ፣ በመተማና በሑመራ ቈላ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር ይገኛል። የቈየ ትኩሳትና የጣፊያ ማበጥ ከክሳት ጋር ከታዩ መመርመር ያስፈልጋል። የካላዛር ሕመምተኛ በመርፌ ታክሞ ከተሻለው በኋላ በፊቱና በክንዱ ላይ ሽፍታ ቢወጣበት ሕክምናው አልሠራም ብሎ ተስፋ አይቍረጥ፤ ሽፍታው ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል፤ ለሐኪም ማሳየት ግን ይገባል። እንደዚሁም በ1977 ዓ.ም. በወድ ኮውሊ ብዙ ሕፃናትን የፈጀው ኩፍኝ መሆኑን በማስታወስ፣ ክትባቱን ማስቈጠብ እንደማይገባ እንመክራለን።

ዐዋቂዎችም ትዕግሥት ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባሉት ሊቅ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንት ምግብ ቀንሰው አጠኑ። ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ እንደገና ሲመገቡም ሆዳቸው ሞልቶ ሳለ መራብ አልተዋቸውም፣ ጠባያቸውም ቶሎ አልተመለሰም። ስለዚህ ከረኃብ የወጣ አባት ወይም አያት ምግብ ቢደብቅ፣ ቢቈጣ ወይም አልጠግብ ቢል ስስታም ተብሎ አይሰደብ፤ ሕመሙ ገና ከእርሱ ጋር ነውና።

በመጨረሻ ለባለሥልጣኖች አንድ ቃል አለን። እናቲቱን «ልጁ ዳነ ወይ?» ብሎ በየቀኑ መጠየቅ ያስጨንቃታል፤ «ዛሬ ጠጣ ወይ? ሌሊቱን እንዴት አደረ?» ብሎ መጠየቅ ግን ያበረታታታል። ከሐኪም ቤት እንዳትወጣ፣ የመዝገብ ሰልፍና የራሽን ቀን ከልጇ አልጋ እንዳይነጥሏት ተለዋጭ ሰው ይመደብላት። ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ገላው ከቀዘቀዘ ወይም እንደገና ካበጠ፣ ሰዓት ሳይባክን ወደ ሐኪም ይወሰድ። ከዚህ በቀር የቀረው ሥራ በየሦስት ሰዓቱ የሚሰጠው የአንድ ሲኒ ወተት ሥራ ነው።